ቀይ አይን ሁሉ ኮንጀክቲቫይቲስ አይደለም፦ አይን አታችመንት ለምትገቡ የህክምና ተማሪዎች

አይን አታችመንት (ተማሪ አይን ክፍል ተመድቦ የሚሰራበት ጊዜ) አጭር ስለሆነ ብዙዎቻችን ከኢንተርናልና ከሰርጀሪ በኋላ ትንፋሽ መሰብሰቢያ አድርገን ነው ያሳለፍነው፣ ጉዳዩ የገባን ተመርቀን ወረዳ ሆስፒታል ስንመደብ ነው። የአይን ሀኪም ያለበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ስሊት ላምፕ (የአይን ማይክሮስኮፕ) የለም፣ ያለው ፔን ቶርች፣ አንድ የተላጠ ቻርትና ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) ቅባት ነው፣ ከተሰለፈው ሰው ውስጥ ደግሞ አይኔን ብሎ የመጣው ቀላል አይደለም። ይሄን የምፅፈው ለዛች ክፍል ነው፣ እኔ ያኔ ማን በነገረኝ ያልኩትን።

መጀመሪያ ምን እንደሚያጋጥማችሁ ትንሽ ምስል እንዲኖራችሁ፦ በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከህዝቡ 1.6 በመቶ አይነስውር ነበር፣ ከነዚህ ግማሹ (49.9 በመቶ) በሞራ ምክንያት፣ 11.5 በመቶ ትራኮማ ባመጣው የኮርኒያ (ከአይኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ጠባሳ፣ 7.8 በመቶ መነፅር ባለማግኘት፣ 5.2 በመቶ በግላኮማ (የአይን ነርቭን ቀስ በቀስ በሚጎዳው በሽታ)። ቁጥሩ የቆየ ነው ግን ልብ በሉት፣ አብዛኛው ወይ መከላከል ወይ መመለስ የሚቻል ነበር። ስለዚህ የናንተ ስራ ብርቅዬ ሲንድሮም ማግኘት አይደለም፣ እነዚህን የተለመዱትን በሰዓቱ አውቆ መስራት ያለባችሁን መስራትና መንካት የሌለባችሁን አለመንካት ነው።

ደረጃ 1፦ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ቪዥን ለኩ

ቢፒ ሳይለካ ሃይፐርቴንሽን አይታከምም አይደል፣ አይንም ቪዥን (የማየት አቅም) ሳይለካ አይታከምም። ከኬሚካል አደጋ በስተቀር፣ እሱ ላይ መጀመሪያ ማጠብ ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ታካሚውን ከቻርቱ 6 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ክፍሉ ከጠበባችሁ ቻርቱን በረንዳ ላይ ስቀሉት። ፊደል ለማያነብ ሰው የ"ኢ" ቻርት አለ፣ እግሯ ወዴት እንደዞረ በእጃቸው ያሳዩ፣ እማማም ሆኑ አባባ አንዴ በእጃችሁ ካሳያችኋቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ሁሌም በቀኝ አይን ጀምሩ፣ እንደዛ ከለመዳችሁ ስትፅፉ አትገለባብጡም። ሌላኛው አይን በመዳፍ ይሸፈን፣ በጣት ከሸፈኑ በጣት መሀል ያያሉ፣ አጥብቀው ከተጫኑት ደግሞ ተራው ሲደርስ ይደበዝዛል። መነፅር ካላቸው አድርገውት ይለኩ። ትልቋን ፊደል (6/60፣ ጤነኛ አይን ከ60 ሜትር የሚያያትን ከ6 ሜትር ማየት) ካላዩ ወደ 3 ሜትር አቅርቧቸው፣ እሱም ካልሆነ ጣት አስቆጥሩ፣ ከዛ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ከዛ ብርሃን። ብርሃን ብቻ የሚያይ ከሆነ ባትሪውን ከላይ ከታች ከቀኝ ከግራ እያበራችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ያንን መለየት ካልቻለ ሞራ ቢኖረውም ከሱ ኋላ ሌላ ችግር አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አይነስውር የሚለው በተሻለው አይኑ ከ3/60 በታች የሚያየውን ነው።

ቪዥኑ ከቀነሰ ፒንሆል (በትንሽ ቀዳዳ ማሳየት) አስቀድሙ። ከሌላችሁ የድሮ ኤክስሬይ ፊልም ወይ ካርቶን ላይ በመርፌ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ብሱበት፣ ይሰራል። በፒንሆል ከተሻሻለ የመነፅር ጉዳይ ነው፣ ካልተሻሻለ ኮርኒያ፣ ሌንስ፣ ሬቲና (ከአይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ወይ ነርቭ ላይ ፈልጉ። ይቺ ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ሰው ያለአግባብ ሪፈር ከመባል አድናለች።

ቻርት መናገር ለማይችል ህፃን፣ ብርሃን ወይ መጫወቻ ይከተል እንደሆነ እዩ፣ አንዱን አይን ስትሸፍኑ ዝም ብሎ ሌላውን ስትሸፍኑ የሚያለቅስና እጃችሁን የሚገፋ ከሆነ ያልተሸፈነው አይኑ አያይም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ከውጪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ

ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። የአይን ቆብ፣ የአይን ፀጉር፣ ኮንጀክታይቫ (ነጩንና የቆቡን ውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን)፣ ኮርኒያ፣ ከዛ አንቲሪየር ቻምበር (ከኮርኒያው ኋላ ያለው ክፍተት)፣ ፒዩፒል (መሀል ያለው ጥቁር ቀዳዳ)፣ ሌንስ። ተማሪ የሚሳሳተው ቀዩን ነገር ሲያይ እዛው ስለሚቆም ነው፣ ፀጉሩ ኮርኒያውን እየፋቀው መሆኑን ሳያይ ቅባት ፅፎ ይልካል።

የላይኛውን ቆብ መገልበጥ ተለማመዱ፣ አፍራችሁ አትለፉት። ወደታች እንዲያዩ ንገሯቸው፣ ፀጉሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ፣ ትንሽ ወደታችና ወደ ውጪ ሳቡ፣ በሌላው እጃችሁ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ከፀጉሩ መስመር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ አስደግፋችሁ ገልብጡ፣ ከዛ እንጨቱን አውጥታችሁ በአውራ ጣት ያዙት። ወደላይ ሲያዩ በራሱ ይመለሳል። አይኑ ተቀዷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን አትገልብጡ፣ አትጫኑትም።

ኮርኒያ ላይ ነጭ ነጥብ ወይ ጭጋግ ካለ ወይም ታካሚው ይቆረቁረኛል፣ ያስነባኛል ካለ ፍሎረሲን ስትሪፕ (ቀለም የተነከረ ወረቀት) አርጥባችሁ ንኩት፣ በሰማያዊ መብራት እዩት፣ የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ያበራል።

ፒዩፒል ላይ ቅርፁን፣ እኩልነቱን፣ ከዛ አርኤፒዲ። ክፍሉን አጨልሙ፣ ሩቅ እንዲያዩ አድርጉ፣ ባትሪውን ከአንዱ አይን ወደ ሌላው 2፣ 3 ሰከንድ እያቆያችሁ አወዛውዙ። ብርሃኑ ሲመጣበት መጥበብ ሲገባው የሚሰፋው አይን አርኤፒዲ አለው፣ ነርቩ ወይ ሬቲናው በጠና ተጎድቷል። ይሄ ምልክት ምንም ገንዘብ አያስወጣም፣ ምንም ማሽን አይፈልግም፣ እና ሞራ የቱንም ያህል ቢጠና ብቻውን አርኤፒዲ አያመጣም፣ ይቺን ያዙልኝ።

ደረጃ 3፦ ቀይ አይን ሲመጣ

አምስት ነገር ጠይቁ ወይ እዩ፦ ቪዥኑ ቀንሷል ወይ፣ ከባድ ህመም አለ ወይ (ማሳከክና መቆርቆር ሳይሆን ውስጥ ድረስ የሚያም)፣ ብርሃን ይወጋዋል ወይ፣ ኮርኒያው ደብዝዟል ወይ ነጭ ነጥብ አለው ወይ፣ ፒዩፒሉ ከሌላው ይለያል ወይ። አንዱ እንኳን አዎ ከሆነ ኮንጀክቲቫይቲስ (የኮንጀክታይቫ መቆጣት) ብላችሁ አትፃፉ።

አምስቱም አይደለም ከሆነ አብዛኛው ጊዜ ኮንጀክቲቫይቲስ ነው። ጠዋት ሲነሳ አይኑ በአይናር ተጣብቆ የሚያድር፣ ፈሳሹ ቢጫ ወፍራም ከሆነ ባክቴሪያ ነው፣ ክሎራምፌኒኮል ጠብታ በየ2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ቲቲሲ 1 በመቶ ቅባት፣ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ይድናል። ውሃማ ሆኖ ከአንድ አይን ጀምሮ ወደ ሁለተኛው የዘለለ፣ ጆሮ ፊት ለፊት ንፍፊት ያለው፣ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የታመመበት ከሆነ ቫይረስ ነው፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እጅ መታጠብ፣ ፎጣና ትራስ አለመጋራት፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ግን መግሉ እየጠረጋችሁት ወዲያው የሚሞላ፣ ቆቡ ያበጠ አዋቂ ከመጣ ጎኖሪያ ጠርጥሩ፣ ይሄ ባክቴሪያ ባልተላጠ ኮርኒያ ውስጥም ሰርስሮ ስለሚገባ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በጡንቻ ስጡ፣ አይኑን በሳላይን እጠቡ፣ በዛው ቀን ላኩ፣ የትዳር ጓደኛም ይታከም።

አሁን ስለ አለርጂው ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ልቤን የሚያሳምመኝ እሱ ነው። ቨርናል የሚባለው፣ ከ10 አመት በታች ይጀምራል፣ ወንዶች ልጆች ላይ ይበዛል፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ አይኑን ያሻል፣ ፈሳሹ እንደ ክር ይሳባል፣ የላይኛውን ቆብ ስትገለብጡ የኮብልስቶን መንገድ የመሰለ እብጠት ታያላችሁ፣ የኛ ልጆች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበት ዙሪያው ወፍሮ ቡናማ ሆኖ ይታያል። አብዛኛው ልጅ ጉርምስናን ሲያልፍ ይተወዋል። ህክምናው ቀዝቃዛ ውሃ በጨርቅ፣ ክሮሞግላይኬት ጠብታ በቀን 4 ጊዜ (ለመስራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ ይሄን ለእናት ካልነገራችኋት በ3 ቀን ትተወዋለች)፣ ካገኛችሁ ኦሎፓታዲን፣ እና ማሸቱን መከልከል።

ኢንተርን እያለሁ አንዲት እናት የ9 አመት ልጇን እጁን ይዛ መጣች፣ እየመራችው ነበር። ከሁለት አመት በፊት አንድ ቦታ ለማሳከኩ ዴክሳሜታሶን ጠብታ (ስቴሮይድ ነው) ለአንድ ሳምንት ታዞለት ማሳከኩ በሁለት ቀን ጠፋ፣ ከዛ በተመለሰ ቁጥር ባዶውን ጠርሙስ ፋርማሲ እያሳየች ትገዛ ነበር፣ ማንም አቁሚ አላላትም፣ እሷ ልጇን እያዳነች ነበር የመሰላት። አይኑ ነጭ ነበር፣ አያሳክከውም፣ ግፊቱ ሲለካ ሰማይ ነክቷል፣ ነርቩ ገርጥቷል፣ በአንዱ አይን ብርሃን እንኳን አያይም። ስቴሮይድ ግላኮማም ሞራም ያመጣል፣ ሄርፒስ ወይ ፈንገስ ያለበት ኮርኒያ ላይ ካረፈ ደግሞ ኮርኒያውን ይበሳዋል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፣ ግፊት መለካት ካልቻላችሁና ኮርኒያውን በፍሎረሲን ካላያችሁ ስቴሮይድ ጠብታ አትዘዙ። "ዴክሳ ጄንታ" የሚባለው የተቀላቀለውም ስቴሮይድ ነው፣ ጄንታሚሲን ስላለበት ብቻ አንቲባዮቲክ ነው ብላችሁ እንዳትፅፉት። ታካሚው ቦርሳ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ከአምስቱ ጥያቄ አንዱ አዎ ከሆነ ደግሞ፣ እነዚህን ሶስት በሽታዎች ለዩ።

ኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ ካለና አረንጓዴ ከቀለመ የኮርኒያ አልሰር (ቁስል) ነው። ምን መታው ብላችሁ ጠይቁ፣ የመኸር ሰሞን ገለባ፣ የማሽላ ቅጠል፣ እንጨት ሲፈልጡ የተፈናጠረ ከሆነ ፈንገስን አስቡ። ቤት ምን አደረጋችሁበት ብላችሁም ሳትቆጡ ጠይቁ፣ ቅጠል ጨምቀው ያስገቡ ይኖራሉ፣ ከተቆጣችሁ አይነግሯችሁም። ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ መስሎ ከቀለመ ሄርፒስ ነው፣ አሳይክሎቪር 3 በመቶ ቅባት በቀን 5 ጊዜ። ሌላው ላይ ሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ በየሰዓቱ ጀምራችሁ (ፈንገስ ከሆነ ናታማይሲን 5 በመቶ ነው፣ ብዙ ቦታ ስለማይገኝ ለዛም ነው መላክ ያለበት) በዛው ቀን ሪፈር። አይኑን በፋሻ አትሸፍኑ፣ ሙቀቱ ጀርሙን ይመግበዋል። ለምርመራ የምታደርጉትን የማደንዘዣ ጠብታ ህመሙን ያስታግስለት ብላችሁ ወደ ቤት አትስጡ፣ ኮርኒያውን ያቀልጠዋል።

ቀይነቱ ኮርኒያውን ዙሪያውን ከከበበ፣ ብርሃን ከወጋው፣ ፒዩፒሉ ጠቦ ወይም ተጣብቆ ቅርፁ ከተበላሸ ዩቪያይቲስ (የአይን ውስጥ መቆጣት) ነው። አትሮፒን 1 በመቶ አድርጋችሁ ህመሙን ቀንሳችሁ ላኩት፣ ስቴሮይዱን የአይን ሀኪም ይጀምረው።

ሶስተኛው አጣዳፊ ግላኮማ ነው፣ ይሄ ደግሞ አይን ክፍል ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚመጣው፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ አስታወከኝ ብለው ስለሚመጡ ሰው ጨጓራ ወይ ማይግሬን ይላቸዋል። አይኑን ካያችሁት ቀይ ነው፣ ኮርኒያው ተን የነካው መስታወት ይመስላል፣ ፒዩፒሉ መሀል ላይ ሰፍቶ ቆሟል፣ በቆቡ ላይ በሁለት ሌባ ጣት ቀስ ብላችሁ ስትዳስሱት እንደ ድንጋይ ነው። አሴታዞላማይድ 500 ሚሊ ግራም፣ ቲሞሎል 0.5 በመቶ ጠብታ (አስም ወይ የልብ ምት መዘግየት ካለ አይሰጥም)፣ ማስታወኩ ካላስዋጠው ማኒቶል 20 በመቶ በደም ስር ከ1 እስከ 2 ግራም በኪሎ የልብና የኩላሊት ችግር እንደሌለው አይታችሁ፣ ግፊቱ ሲወርድ ፓይሎካርፒን 2 በመቶ፣ እና ወዲያው ሪፈር፣ የሌዘር ስራው እዛ ነው።

ደረጃ 4፦ ትራኮማ

በዓለም ላይ ትልቁ የትራኮማ ጫና ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ይሄን ከማንም አገር ተማሪ በላይ እናንተ ማወቅ አለባችሁ። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ነው፣ በእጅ፣ በጨርቅና ሰው ሜዳ ላይ በሚፀዳዳው ላይ በምትራባ ዝንብ ነው ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት የሚሄደው። ሴቶች ላይ ፀጉር ወደ ውስጥ መቀልበሱ (ጠባሳው ቆቡን ሲያጣምም የሚመጣው) ከወንዶች ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋው ልጅ የሚያቅፉት፣ ፊቱን በነጠላቸው ጫፍ የሚጠርጉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ አምስት ነው፣ በባትሪና በሉፕ (ማጉያ መነፅር) ይታያል። ቲኤፍ ማለት በተገለበጠው የላይኛው ቆብ መሀል ላይ 0.5 ሚሊ ሜትርና ከዛ በላይ የሆኑ 5 ወይም ከዛ በላይ ፎሊክሎች፣ ቲአይ ማለት ከወትሮው የደም ስሮች ከግማሽ በላይ የሚሸፍን እብጠት፣ ቲኤስ ጠባሳ፣ ነጭ መስመር ሆኖ የሚታየው፣ ቲቲ አንድ ፀጉር እንኳን የአይኑን ኳስ ከነካ፣ ሲኦ ደግሞ ፒዩፒሉን የሸፈነ የኮርኒያ ጠባሳ። የነቀለችውንም ጠይቁ፣ ወረንጦ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚመጡ እናቶች አሉ፣ ፀጉር ስለሌለ ቲቲ የለም ብላችሁ እንዳታልፉ፣ የተነቀለ ፀጉር ምልክትም ቲቲ ነው።

ህክምናው ሴፍ የሚባለው ነው፣ ቀዶ ጥገና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንፅህና፣ የአካባቢ መሻሻል። ቲኤፍ ወይ ቲአይ ላለው ልጅ አዚትሮማይሲን 20 ሚሊ ግራም በኪሎ አንድ ጊዜ፣ ለአዋቂ 1 ግራም፣ ከ6 ወር በታች ለሆነ ህፃን ቲቲሲ ቅባት በቀን ሁለቴ ለ6 ሳምንት፣ አንድ ልጅ ብቻ አክማችሁ ከላካችሁ ከወንድሙ መልሶ ይይዘዋል፣ ቤተሰቡን አብራችሁ አክሙ። ቲቲ ላለባት እናት ዋናው ቀዶ ጥገና ነው፣ ቆቡን ወደ ውጪ የሚያዞር፣ በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሰራ፣ በስልጠና የወጡ ነርሶች ጤና ጣቢያ ድረስ ወርደው የሚሰሩት። ብዙ እናቶች ይፈራሉ፣ አይኔን ይቆርጡኛል ይላሉ፣ ወይ ደግሞ አዝመራው ይድረስ ይላሉ። ጊዜ ስጧቸው፣ እዛው መንደር የተሰራላት ሴት ካለች ስሟን ሳይሆን ራሷን አምጡላቸው፣ የተሰራላት ሴት ከሁሉ ሀኪም በላይ ታሳምናለች። እስከዛ ፀጉሩን በደንብ በሚይዝ ወረንጦ ከስሩ መንቀል ይቻላል፣ መሀል ላይ የተበጠሰ ፀጉር ግን ከረጅሙ ይብሳል፣ እንደ ሽቦ ይወጋል።

ደረጃ 5፦ ቀስ ብሎ የጨለመ አይን

ጭስ ጭስ ይለኛል፣ ደመና ሸፈነኝ፣ ሰው ሲመጣ ጥላውን እንጂ ፊቱን አልለይም ይላሉ። ፒዩፒሉ ውስጥ ግራጫ ወይ ነጭ ካያችሁ፣ በኦፕታልሞስኮፕ (የአይን ውስጥ ማያ መሳሪያ) ከክንድ ርቀት ስታዩት ቀዩ ነፀብራቅ ከጠፋ ሞራ ነው። ህክምናው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው፣ ጠብታ የለውም፣ በትንሽ ቀዳዳ ሌንስ ቀይሮ ማስገባት ነው። ሞራው ይብሰል፣ ጠብቁ የሚለውን አሮጌ ምክር አትድገሙት፣ ሰውየው ስራውን መስራት ካቃተው ጊዜው ደርሷል።

አንድ ጊዜ አንድ አባባ ሞራዬ እስኪበስል ነው ብለው ለአመታት ቤታቸው ተቀምጠው ቆይተው መጡ። ሞራ ነበራቸው፣ እውነት ነው፣ ግን አርኤፒዲም ነበራቸው፣ ከስሩ ግላኮማው ነርቩን ጨርሶታል፣ ሞራው ቢወጣም በዛ አይን ምንም የሚመለስ አልነበረም። ግላኮማ አያምም፣ ዳርዳሩን እየበላ ይመጣል፣ በር መግጨት፣ ደረጃ መሳት ይጀምራሉ። ስለዚህ ከ40 አመት በላይ የሆነ፣ ወላጁ ወይ ወንድሙ በግላኮማ የታወረ ሰው ሁሉ የነርቩን ኩባያ (የነርቩ ጫፍ መሀል ያለውን ጎድጓዳ) እዩለት፣ ኩባያው ከዲስኩ (ከክቡ የነርቩ ጫፍ) ከግማሽ በላይ ከሆነ ወይ ሁለቱ አይኖች ከተለያዩ ላኩ። ለግላኮማ ታካሚ አንድ እውነት ንገሩት፣ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው፣ ይሄን ካልነገራችሁት አላሻለኝም ብሎ ይተወዋል።

ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ ያያል ብላችሁ አትለፉ። ታይፕ 2 በታወቀበት ጊዜ ወዲያው፣ ታይፕ 1 ከ5 አመት በኋላ፣ ከዛ በየአመቱ ፒዩፒል ተከፍቶ ሬቲና ይታይ። ኢታምቡቶል የሚወስድ የቲቢ ታካሚም ቀይ ቀለም ደበዘዘብኝ ካለ አቁሙና አማክሩ። በድንገት የጠፋ ቪዥን፣ ወይም ብልጭታ አይቶ ከዛ መጋረጃ የወረደበት ሰው ቀጠሮ አይሰጠውም፣ ዛሬ ይሄዳል።

ነጩ ላይ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ስጋም ይመጣል፣ አብዛኛው ፀሀይና አቧራ ያመጣው ቴሪጂየም ነው፣ ፒዩፒሉ ጋ ካልደረሰ ችግር የለውም። ወጣት ሰው ላይ በፍጥነት ያደገ፣ ወጣ ገባ ያለ፣ ነጭ ቅርፊት የለበሰ ከሆነ ግን ካንሰር ጠርጥሩ፣ ኤችአይቪ መርምሩ፣ ላኩ።

ደረጃ 6፦ ህፃናት

ነጭ ፒዩፒል ያለው ህፃን፣ ወይም እናቱ በስልክ ፎቶ ስታነሳው አንዱ አይኑ ነጭ ያበራል ካለች ወይ ሞራ ነው ወይ ሬቲኖብላስቶማ (የህፃናት የአይን ካንሰር) ነው፣ ሁለቱም አይቆዩም፣ አንዱ አይኑን ሌላው ህይወቱን ይወስዳል። አዲስ የተጣመመ አይንም እንደዛው ቀይ ነፀብራቁን ሳታዩ አትመልሱት።

ሲመሽ ይደናበራል፣ ዳፍንት ነው የምትል እናት ስትመጣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ነጩ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር፣ ደረቅ ኮርኒያ ፈልጉ። ከ12 ወር በላይ ለሆነ 200 ሺህ ዩኒት፣ ከ6 እስከ 12 ወር 100 ሺህ፣ ከ6 ወር በታች 50 ሺህ፣ ዛሬ፣ ነገ፣ ከዛ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ። ኩፍኝ የያዘው ወይ በጠና የተመጣጠነ ምግብ ያጣ ህፃን ሲተኛ አይኑን ገልጣችሁ እዩ፣ ኮርኒያው በአንድ ሌሊት ሊቀልጥ ይችላል።

ገና የተወለደ ህፃን አይኑ ካበጠና መግል ከያዘ፣ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጎኖሪያ፣ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ክላሚዲያ ይበዛል። ለጎኖሪያው ሴፍትሪያክሶን 50 ሚሊ ግራም በኪሎ አንድ ጊዜ በጡንቻ ከ150 ሳይበልጥ፣ ለክላሚዲያው አዚትሮማይሲን 20 ሚሊ ግራም በኪሎ በቀን አንዴ ለ3 ቀን በአፍ፣ እናትና አባትም አብረው። ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ስትሆኑ ቲቲሲ ቅባቷ ተሰጥታለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካርዱ ላይ ምልክት ተደርጎ ሳይቀባ የሚያልፍ ስላለ።

ደረጃ 7፦ አደጋ

ኖራ፣ በረኪና፣ የባትሪ አሲድ አይኑ ውስጥ የገባ ሰው ሲመጣ ካርድ ሳይወጣ እጠቡ። የማደንዘዣ ጠብታ ካለ አድርጉ፣ ሳላይን ወይ ሪንገር በግሉኮስ መስመር አያይዛችሁ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ከሌለ የቧንቧ ውሃ፣ ንፁህ እስከሆነ ድረስ ሳላይን ፍለጋ አትዘግዩ። ሁለቱንም ቆብ ገልብጣችሁ የኖራውን ፍርፋሪ በእርጥብ ጥጥ ጥረጉ፣ ካልወጣ እያቃጠለ ይቀጥላል። ፒኤች ወረቀት ካላችሁ 7 አካባቢ እስኪሆን። አልካሊው፣ ማለትም ኖራና ኮስቲክ ሶዳ፣ ከአሲድ ይብሳል ምክንያቱም ሰርስሮ ይገባል። ቪዥን ከዛ በኋላ ለኩ።

እንጨት፣ ሚስማር፣ የቡሄ ሰሞን ደግሞ ጅራፍ የመታው ልጅ ፒዩፒሉ ወደ አንድ ጎን ተስቦ እንባ ቅርፅ ከያዘ ወይ ቡናማ ነገር ወጥቶ ከታየ አይኑ ተቀዷል። ቅባት አታድርጉ፣ አትጠቡ፣ የተሰካ ነገር አታውጡ፣ ፋሻ አትጫኑበት፣ የወረቀት ኩባያ ቆርጣችሁ አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ በፕላስተር ያዙት። ቴታነስ፣ ህመም ማስታገሻ፣ የማስታወክ ማቆሚያ ፕላሲል (ካስታወከው የአይኑ ውስጥ ይወጣል)፣ በደም ስር አንቲባዮቲክ፣ ምንም አይብላ፣ ላኩ። ከፒዩፒሉ ፊት ደም ያጠራቀመ ብቻ ከሆነ ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ ይተኛ፣ አስፒሪንና ዲክሎፌናክ አይውሰድ።

ስትልኩና ስታዙ

ሪፈር ወረቀቱ ላይ "ለተሻለ ህክምና" ብቻ አትፃፉ። የሁለቱን አይን ቪዥን፣ ፒንሆሉን፣ አርኤፒዲ መኖር አለመኖሩን፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ጠብታ በስንት ሰዓቱ እንደሰጣችሁና ከናንተ በፊት ምን እንደተደረገበት ፃፉ። ወዲያኛው ጋ ያለው ሬዚደንት በዛች ወረቀት ነው ታካሚውን በረንዳ ላይ የሚያሳድረው ወይ ወደ ኦፕሬሽን የሚያስገባው።

ጠብታ ስትሰጡ ደግሞ ከፊታችሁ አንዴ ራሳቸው ያድርጉት። የታችኛው ቆብ ወደታች ተስቦ በተፈጠረው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ፣ የጠርሙሱ አፍ አይኑን ሳይነካ፣ ከዛ አይን ተጨፍኖ የውስጠኛው ጥግ በጣት ለ2 ደቂቃ ይጫን፣ ሁለተኛ ጠብታ ካለ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ ቅባት ካለ መጨረሻ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባባ ከሆኑ አብሯቸው የመጣውን ልጅ አስተምሩ፣ ማን እንደሚያደርግላቸው ካርዱ ላይ ፃፉት፣ ቀጠሮ ሲመጡ ያንኑ ሰው ጠይቁት።